አባቴ የተረጎማቸው አጫጭር ፊልሞች

አጭር ፊልም መውደድ የጀመርኩት በመብራት ምክንያት ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ስማር ዶርማችን ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበርን፤ ከስድስታችን ላፕቶፕ የነበራት አንዷ ብቻ ናት፤ የእሷም ባትሪ ያረጀ ነበር። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ሩብ ሰዓት ያህል ይታገሳል፤ ከዚያ ድርግም ይላል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ጀምረን መጨረሻውን ያየንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ማን ማንን እንዳገባ፣ ሌባው ይያዝ አይያዝ ሳናውቅ ነው የተመረቅነው። አንድ ቀን ከሌላ ዶርም በመጣ ፍላሽ ውስጥ የጃፓን ካርቱኖች አገኘን። አኒሜ እንደሚባሉ ያኔ ነው የሰማሁት። አንዱ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፣ አንዱ አራት፣ አንዱ ደግሞ ጥርስ ፍቀው ሳይጨርሱ ያልቃል። መብራት ሳይመጣ ሦስቱን ጨረስናቸው። አንድን ነገር እስከ መጨረሻው ማየት እንዲህ ደስ እንደሚል ያን ቀን አወቅሁ።

አሁን ዲላ ከተማ ውስጥ ፋርማሲ እሠራለሁ። ደንበኛ ሲቀዘቅዝ ስልኬን ከመድኃኒት ካርቶን ላይ አስደግፌ አንድ ክፍል አያለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ «ዛሬም ካርቱን? ትልቅ ሴትዮ!» ትለኛለች። እኔም «አራት ደቂቃ ናት» እላታለሁ፤ ይህ መልስ አጥጋቢ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር የምወዳቸው ከርዝመታቸው በላይ በሌላ ምክንያት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ «ለምን?» የማበዛ ሰው ነኝ፤ አጭር ፊልም ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳይነግርህ ይሄዳል። አንዷ የምወዳት ፊልም ላይ አንዲት ልጅ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ተሸክማ ኮረብታ አቋርጣ ወደ ጠጋኝ ትሄዳለች። በየመንገዱ ሰዓት ስትጠይቅ እያንዳንዱ ቤት የተለያየ ሰዓት ይነግራታል። ጠጋኙ በር ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆማ ሳታንኳኳ ትመለሳለች። አለቀ። ለምን ተመለሰች? ስንት ጊዜ እንዳየኋት አላስታውስም፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ በዚህም ትንሽ እናደዳለሁ።

ሌላ ተከታታይ አለ፤ ከአንድ የባቡር መስኮት የሚታየውን ብቻ ነው የሚያሳየው። አንድ ክፍል ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት፣ ሌላው ላይ ሐዲዱን የሚጠብቅ ውሻ። እኔ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም፤ የማውቀው ወደ አባቴ አገር ወደ ወናጎ የሚሄደውን ሚኒባስ ነው፤ በእሱ መስኮት ደግሞ የሚታየው የጎረቤትህ ትከሻ ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወዳት ግን የጃንጥላዎቹ ናት። አንድ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሰዎች ረስተዋቸው የሄዱ ጃንጥላዎች የሚቀመጡበት ክፍል አለ፤ አንዲት ዝምተኛ ሠራተኛ ትጠብቃቸዋለች። በእያንዳንዱ የፊልሙ ክፍል አንድ ሰው ይመጣል፣ አንድ ጃንጥላ ይወጣል፣ አራት ደቂቃ ሲሞላ ያልቃል። ዝናብ እንደ እኛ አገር የሚዘንብበት ካርቱን ከዚህ ሌላ አላየሁም።

ከእነዚህ ፊልሞች ጋር አባቴን ያገናኘው ሕመም ነው። አባቴ ከወናጎ በላይ ባለ ቀበሌ ቡናና እንሰት የሚያለማ ገበሬ ነው። ሰው የሚያውቀው ግን በቡናው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያናቸው አስተርጓሚ ነበር። ከከተማ የሚመጣው ሰባኪ በአማርኛ ይሰብካል፤ አባቴ በስተግራው ቆሞ፣ እጁን ፊት ለፊቱ አጣምሮ፣ ዓረፍተ ነገሩን እየተቀበለ በጌዴኦኛ ለምእመኑ ያደርሳል። ሰባኪው ሲጮህ ይጮሃል። ሰባኪው ሲያለቅስ ድምፁን ይሰብራል። ሰባኪው ሲያስነጥስ ብቻ ዝም ይላል።

የሚተረጉመው ታዲያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከጌዴኦኛ ወደ አማርኛ መልስ ሲሉት «እሱ ለሌላ ሰው ይሁን» ብሎ ያልፋል። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገረው ግን ሴቷን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤቴ መጥቶ ለአስተማሪዬ «እናቷ ታሟል፣ እሱ መምጣት አልቻለችም» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኔ ደግሞ ጌዴኦኛ አልችልም። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ዲላ አክስቴ ዘንድ ላከኝ፤ «አማርኛሽ ይስተካከል፣ እንደ እኔ እንዳይሳቅብሽ» ብሎ። ተስተካከለ። የነበረኝ ጌዴኦኛ ግን ቀስ በቀስ ውሃ በላው። ዛሬ በጌዴኦኛ አፌን ሞልቼ የምናገረው «ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ፣ ጠዋትና ማታ» የሚለውን ነው፤ እሱንም ፋርማሲው አስተማረኝ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን ቡናው መሃል አብረን ቆመን፣ «አባባ፣ አማርኛውን ስታስተምረኝ ያኛውን ለምን ቀማኸኝ?» አልኩት። አንድ የቡና ቅጠል ገልብጦ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ ነገረኝ። ጥያቄዬን ይዤ ወደ ዲላ ተመለስኩ።

ባለፈው ዓመት የደም ግፊቱ ጣለው። ቀኝ እጁ ደነዘዘ፣ አፉም ትንሽ ጠመመ። ለሐኪም ክትትል እንዲቀርበው ብለን ዲላ፣ እኔና ባለቤቴ ቤት አመጣነው። ከጥቂት ወራት በኋላ እጁ ተመለሰ፣ አፉም ተቃና። ያልተመለሰው ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ሰው ረዘም ያለ ነገር ሲነግረው መሃሉ ላይ ዓይኑ ይባዝናል። «ራሱን ስይዝ ጭራው ያመልጣል» አለኝ። ያ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቃል ሳይደፋ ሲያሻግር የኖረ ሰው፣ ሶፋችን ላይ ተቀምጦ መስኮት መስኮት ማየት ጀመረ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል፣ መብራት የለም፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በስልኬ ጃንጥላዎቹን አያለሁ። ንግግሩ በጃፓንኛ ነው፤ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። አንድ ሽማግሌ ወደ ክፍሉ ገባና ጥቁር ጃንጥላ አነሣ፤ ለሠራተኛዋ አንድ ነገር አላት። አባቴ አንገቱን ወደ ስልኩ ሰገግ አደረገ።

«ምን አለ?»

«ይህ የእኔ አይደለም፤ ልውሰደው? አለ» ብዬ አነበብኩለት።

አባቴ ተስተካክሎ ተቀመጠ። እጆቹን ፊት ለፊቱ አጣመረ። ከዚያም ጉሮሮውን ጠርጎ በጌዴኦኛ ተናገረ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሳሎኑ። ማንም ተርጉም አላለውም። ልማድ ነው፤ አንድ ሰው በአማርኛ ከነገረው ማሻገር አለበት።

በሌላኛው ክፍል ደብተር የሚያርመው ባለቤቴ በሳቅ ፈነዳ። ባለቤቴ የወናጎ ልጅ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ጌዴኦኛ ያስተምራል፤ በቋንቋ ነገር ቀልድ አያውቅም። ምን እንዳሳቀው ጠየቅሁት።

«አንቺ የሰጠሻቸው ለአንድ ጉርሻ የማይበቃ ነው» አለ። «እሳቸው ምን አሉ መሰለሽ? ‹ይህ ጃንጥላ የእኔ አይደለም፤ የእኔን የወሰደው ሰውዬ ግን ዛሬ ሳይረጥብ ቤቱ ገብቷል። እኔስ ለምን ልበስብስ? ከፈቀድሽልኝ ልያዘው፤ ባለቤቱ ከመጣ ቤቴን ንገሪው፣ አብረን እሳት እንሞቃለን።› እሳቱን ከየት አመጡት?»

ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባባ፣ ትጨምራለህ እንዴ?»

«አልጨምርም» አለ ኮስተር ብሎ። «እሱ ያሰበውን ነው ያልኩት። የተናገረውንማ ሁሉ ሰው ሰማ።»

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ የሚነሳኝ ጥያቄ አገኘሁ። ይህ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲተረጉም ኖረ? ስንት ሰባኪ ያላሰበውን አስብሎታል? ባለቤቴ ልጅ ሳለ የሰማው አንድ አባባል አለ፤ ከወናጎ እስከ አሪቻ ድረስ ሽማግሌዎች ሰው ሲያስታርቁ ይጠቅሱታል። «ይቅርታውን ያቆየ ሰው እርጥብ እንጨት ይሸከማል፤ አይነድለት፣ አይቀልለት።» አንድ ትልቅ ሰባኪ ከሩቅ መጥተው የተናገሩት ነው ይባላል። ሰባኪው ሲሰብኩ አስተርጓሚው አባቴ ነበር። አባቴን «ያንን ያለው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሰባኪው ነዋ» አለና ውሃ አምጪልኝ ብሎ ላከኝ። ውሃው አጠገቡ ነበር።

እንዲህ እያልን ፊልም ማየት ልማዳችን ሆነ። ከሥራ ስመለስ፣ ገና ሳይመሽ፣ አንድ ክፍል እናያለን። እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ እሱ ከአማርኛ ወደ ጌዴኦኛ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከደብተሮቹ ቀና እያለ የተጨመረውን ይነግረኛል። ጃፓናዊቷ ሠራተኛ የተናገረችው ነገር እኛ ሳሎን ሲደርስ ሦስት ወንዝ ተሻግሯል። አባቴ ጾታውን እንደ ልማዱ ያቀላቅላል፤ «እሱ ለምን ዝም አለች?» ይለኛል ስለ ሠራተኛዋ። እሱም «ለምን» እንደሚል ያወቅሁት ያኔ ነው። ይህን አመል ከማን እንደወረስኩ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ንግግር የሌለባትን ፊልም አሳየሁት። አንድ ሰው በረዶ ላይ ቆሞ አውቶብስ ይጠብቃል። አውቶብሱ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰውየው አይገባም። አውቶብሱ ይሄዳል፣ ሰውየው ይቆማል። አሥራ ሁለት ደቂቃ። አባቴ እጁን አጣምሮ እኔን ይጠብቃል። «አባባ፣ የምሰጥህ የለም፤ አይናገርም» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ራሱ በጌዴኦኛ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እያረፈ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። ባለቤቴን በዓይኔ ጠየቅሁት። ባለቤቴ ደብተሩን ዘግቶ ያዳምጥ ነበር፤ «በኋላ እነግርሻለሁ» አለኝ። በኋላ ሲነግረኝ፣ «ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው አለው፤ እሱ ከገባ የሚመጣው ሰው ማንን ያገኛል? ነው ያሉት» አለኝ። ፊልሟን ከዚያ በፊት ስንቴ አይቻታለሁ፤ ይህ ግን አንድ ጊዜም አልታሰበኝም።

የጽሑፉ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሞቹን የማወርደው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄጄ ነው፤ ከሥር የሚነበበው ጽሑፋቸው ለብቻው ስለሚወርድ እኔ ነኝ የማጣምረው። የአንዱን ክፍል ጽሑፍ በሌላው ላይ ለጥፌው ኖሯል። አንድ ወጣት ሰማያዊ ጃንጥላ ታቅፎ ይናገራል፤ እኔም ፊቱን ሳላይ ቁልጭ አድርጌ አነበብኩ፤ «ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ሥራ አገኘሁ።»

አባቴ አልተረጎመም። ጣቱን ቀና አደረገ። ይህ ምልክታችን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያመልጠው ጣቱን ቀና ያደርጋል፣ እኔ ስልኩን አቆምና አሳጥሬ እደግምለታለሁ። ደገምኩለት።

«አይደለም» አለ። «እሱ እንዲህ አላለም።»

«አባባ፣ ተጽፏል እኮ! ጃፓንኛ ትችላለህ?»

«ጽሑፉን ተወው። ፊቱን እይ። ይህ ልጅ ሰው ሞቶበታል።»

ተመልሼ ሳይ እውነትም ጽሑፉ የሌላ ክፍል ነበር። የራሱን ጽሑፍ ሳገጥምለት ወጣቱ «የእናቴ ጃንጥላ ነው፤ እሷ ግን ከእንግዲህ አትረጥብም» ይላል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አባቴን ግን አልገረመውም። «ሰባኪም አንዳንዴ ጽሑፉ የሌላ ነው» አለና በመጀመሪያ ያሰበውን ሳይለውጥ ተረጎመው።

ለአባቴ ስልክ የተደወለለት በዚያው ሰሞን ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ። አዲሱ ሕንፃ አልቋል፣ ቡናው ሳይደርስ ይመረቃል፣ ከከተማ ሰባኪ ይመጣል። አሁን ወጣት አስተርጓሚ አላቸው፤ ሕዝቡ ግን ለምረቃው ቀን የድሮውን ድምፅ መስማት ፈልጓል። አባቴ ነገሩ ሳያልቅ «እሺ» አለ።

እኔ ደነገጥኩ። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። አባቴ ቤት ውስጥ የሚይዘው ዓረፍተ ነገር ሰባት ስምንት ቃል ነው፤ ሰባኪ ደግሞ ሲሞቀው ማን ያቆመዋል? ሕንፃው ሙሉ ሰው ባለበት፣ በወጣትነቱ የቆመበት መድረክ ላይ አፉ ተይዞ ሲቀር ታየኝ። ያ ከደረሰ እንደገና ቀና ብሎ በቀበሌው አይሄድም፤ ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ «አባባ፣ ይቅርብህ። አሞኛል ብትላቸው ማንም አይቀየምም» አልኩት።

ሶፋውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ከዚያ «ከወደቅሁ እዚያ ልውደቅ» አለኝ። «እዚህ ሶፋ ላይ መውደቅ ሰለቸኝ።»

ከዚያ በኋላ ፊልሞቹ ጨዋታ መሆናቸው ቀረ። የባቡር መስኮቷን ተከታታይ ተውናት፤ እሷ ትንሽ ነው የምታወራው። ጃንጥላዎቹን ከመጀመሪያ ጀመርን፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሁለት አንድ ላይ፣ ከዚያ «ምክንያቱም» እና «ነገር ግን» ያለበት። «ዓረፍተ ነገር እንደ ጉርሻ ነው» ይለኛል፤ «ትልቅ ከሆነ ሰውን ያንቃል።» አንዳንድ ቀን እንደ ድሮው ይፈስለታል፤ ባለቤቴ ከደብተሩ ቀና ብሎ ፈገግ ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ጃንጥላ» የሚለው ቃል ራሱ በሁለቱም ቋንቋ ይጠፋበታል። አንድ ማክሰኞ ስልኬን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እስከ ሐሙስ ፊልም የሚባል ነገር እንዳይነሣ አለ። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ እጁን አጣምሮ አገኘሁት። «የጠፋው ጃንጥላ መጣ?» አለኝ።

የምረቃው እሑድ በሚኒባስ ወናጎ ድረስ ሄድን፤ ከዚያ ዳገቱን በባጃጅ ወጣን። አባቴ ኮቱን አስተኩሶ ለብሷል። መንገዱን ሙሉ የኮቱን ቁልፍ ሲፈታና ሲቆልፍ ነበር፤ እኔም የማላቋርጠውን ጥያቄ አቋረጥኩ። ሰባኪው ደግ ፊት ያለው ወጣት ነው። ከመጀመሩ በፊት ጠጋ ብዬ፣ «እባክህ፣ አጭር አጭር አድርግለት፤ አባቴ ታሞ ነበር» አልኩት። «ችግር የለም እህቴ» አለኝ ከልቡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ተረት ልጨምርለት አሰብኩና ተውኩት።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መልካም ነበሩ። «ቤቱ ተሠራ» አለ ሰባኪው፤ አባቴ አሻገረ። «የሠራነው እኛ አይደለንም።» አሻገረ፤ ሕዝቡ አሜን አለ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አሮጊቶች ድምፁን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ መተንፈስ ጀመርኩ።

ከዚያ ሰባኪው ሞቀው። «ድንጋዩን ያመጡት፣ እንጨቱን የቆረጡት፣ አሸዋውን ከወንዝ የተሸከሙት እናቶች ዛሬ አንዳንዶቹ በመካከላችን ባይኖሩም እንኳ፣ ጌታ የደከሙበትን ሥራ ስለማይረሳ፣ እነሱ ያላዩትን እኛ እንድናይ ስለፈቀደ…» እያለ ሄደ። ሲያበቃ ወደ አባቴ ዞረ።

አባቴ ጀመረ። ሦስት አራት ቃል አለ። ቆመ። ዓይኑ ባዘነ። ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ ዝም አሰኘችው፤ ከዚያ ድምፅ የሚባል ጠፋ። ሰባኪው ሊረዳው ብሎ ደገመለት፤ ሰው ሲደግም ሁልጊዜ ያስረዝማል፣ እሱም አስረዘመው። ወጣቱ አስተርጓሚ ከአግዳሚው ላይ ብድግ ሊል ቃጣው፤ በድፍረት ሳይሆን በጭንቀት ነው። አባቴ አየው። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። 

አባቴ ጣቱን ቀና አደረገ።

ሕዝቡ ወደ ላይ የሚያመለክት መሰለው፤ አንድ ሁለት ሰው «አሜን» አለ። እኔ ግን ምልክቱ ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም፤ መድረኩ ላይ በአባቴና በሰባኪው መሃል ቆምኩ። ሰባኪው ግራ ገብቶት አየኝ። ወደ አባቴ ዞሬ፣ ልክ ሶፋችን ላይ እንዳለን፣ «እናቶች አሸዋ ተሸከሙ» አልኩት።

አሻገረ።

«አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም።»

አሻገረ። ከፊት የተቀመጡት አሮጊቶች አንገታቸውን ደፉ።

«እነሱ ያላዩትን እኛ አየን።»

ይህን ሲያሻግር ረዘመ። እኔ አራት ቃል ሰጥቼው እሱ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተናገረ፤ እጁ ወደ በሩ፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደ አሮጊቶቹ ይሄዳል። ሕዝቡ አለቀሰ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ አጨበጨበ። ሰባኪው «እንዲህ ብያለሁ እንዴ?» በሚል ዓይን አየኝ። ትከሻዬን ሰበቅሁ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሄድን፤ ሰባኪው በአማርኛ፣ እኔ ከአማርኛ ወደ አማርኛ፣ አባቴ ወደ ጌዴኦኛ። በዓለም ላይ አማርኛን ወደ አማርኛ የተረጎመ ሰው ካለ እኔ ነኝ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንወጣ ሰው ከበበን። አንዲት አሮጊት ሰዉን ገፋ አድርገው መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። በጌዴኦኛ ተናገሩኝ፤ ሦስት ቃል፣ ቶሎ ብለው። እንደ ልማዴ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ባለቤቴ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት አባቴ ጣቱን ቀና አደረገበት። ባለቤቴ አፉን መልሶ ገጠመ።

አባቴ እጆቹን ፊት ለፊቱ አጣመረ። ወደ አማርኛ ተርጉሞ አያውቅም፤ ቆም አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አሮጊቷን ሳይሆን እኔን እያየ ጀመረ።

«እሷ እንዲህ ይላል» አለ። «አባትሽ ትንሽ ልጅ ሆነሽ ወደ ከተማ ሰደደሽ፣ ይላል። ሰው እንዳይስቅብሽ ፈርቶ ነው። አማርኛ ልስጣት ብሎ የእናትሽን ቋንቋ ወሰደብሽ፤ ሁለቱንም መያዝ እንደምትችይ አላወቀም፣ ይላል። ቡናው ውስጥ ጠይቀሽው ነበር፤ አፈረ። ዛሬ ግን አማርኛሽ ባይኖር እሱ ወድቆ ነበር። አባትሽ ይቅርታ ይላል። ይላል፣ እሷ።»

አሮጊቷ አንድም ቃል አማርኛ አይሰሙም። አባቴ ሲያበቃ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና እጄን ለቀው ሄዱ።

እኔ «ለምን» የማበዛ ሰው ነኝ። ባለቤቴ እነዚያን ሦስት ቃላት ያውቃቸዋል፤ እስከ ዛሬ ግን አልጠየቅሁትም።